የሐሳብ ክኒን በሁዳዴ

የካቲት 24 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ብቸና

ለብቸና ከተማ ነዋሪዎች፣ ለዙሪያው ገበሬዎች፣ እንዲሁም ለከብቶቻቸው በሙሉ። ከባድ ዜና ስለምናሰማ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ ቁሙ። ዛሬ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እህቴ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሳቀች። ያሳቃት እኔ አይደለሁም። ሐዘኑ ለሦስት ቀን ይቆያል። ዜናው በዚሁ ተፈጸመ።

አሁን ዝርዝሩን ልጻፍ።

እትዬ ጥሩ ከሳቀች ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር። ባሏ ለዘመቻ ሄዶ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሆኖ ከተመለሰ ጀምሮ ማለት ነው። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ማልቀሱንም ተወችው። ግድግዳውን እያየች መዋል ብቻ። እናት አባት የለንም፣ ያሳደገችኝ እሷ ነች፤ ስለዚህ ያላደረግሁት የለም። ቀሚሷን ለብሼ፣ እንስራ አዝዬ ቦኖ ወርጃለሁ። ከተማው ሆዱን ይዞ ሲስቅ እሷ "እንስራውን እንዳትሰብረው" አለችኝ። ግማሽ ጢሜን ተላጭቼ፣ ግማሹን ትቼ ሦስት ቀን አብሬያት በላሁ። አላየችውም።

ጥር ላይ የክሊኒኩ ድሬሰር ገብረ ሕይወት አንዲት ትንሽ ቢጫ ክኒን ሰጣት። ሰው "የሐሳብ ክኒን" ይላታል። ከዚያ ወዲህ ፊቷን መታጠብ፣ ጎረቤት ሰላም ማለት ጀመረች። እኔም ከእንግዲህ የቀረው አንድ ጥሩ ቀልድ ብቻ ነው ብዬ እየተዘጋጀሁ ነበር።

ዛሬ ክኒን ልትወስድ ወረፋ ይዘን ሳለ ከፊታችን አካለ ወልድ የሚባል የአንደኛ ደረጃ መምህር ቆሟል። የደብረ ወርቅ ሰው ነው። ረጅም፤ ኮቱ ሁለት ሰው ይይዛል። እሱም ያችኑ ክኒን ነው የሚውጠው። ክኒኒቱ አፍ ታደርቃለች። ዞር አለና በዚያ በደረቀ ምላሱ፣

"እመቤቴ፣ ትንሽ ምራቅ ያበድሩኛል? ለሐሙስ እመልሳለሁ" አላት።

እትዬ ሳቀች። ጥርሷ ታየ።

እኔ እዚያው አጠገቧ ነበርኩ እኮ። ምራቅ ሞልቶኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

ቅናት አይደለም። ቀልዱ ደካማ ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

የካቲት 27

ሰውየው ቤታችን መጣ። "ለሥራ ጉዳይ ነው" አለ፣ ደብተር ይዞ።

በብቸናና በሞጣ ያችን ክኒን የሚውጡ ሰባት ሰዎች አግኝቷል። እያንዳንዱን ክኒኑ ምን እንደሚያደርገው ይጠይቃል፤ ይጽፋል። አፍ መድረቅ። የእጅ መንቀጥቀጥ። የሆድ ድርቀት። የዓይን መደብዘዝ። የቀን እንቅልፍ። ለገብረ ሕይወት ሲነግሩት "እሱ ሕመማችሁ ነው እንጂ ክኒኑ አይደለም" ይላል። የክኒኑ ካርቶን ውስጥ በፈረንጅኛ የተጻፈ ቀጭን ወረቀት አለ። ምን ይላል ሲሉት ገብረ ሕይወትን ሳል ይይዘዋል።

"አዲስ አበባ ላሉት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች እንጻፍላቸው" አለ መምህሩ። "የሚያስከትለው ሁሉ በአማርኛ ይነገረን። የምንውጠውን ማወቅ ምን ነውር አለው?"

"ምንም" አለች እትዬ።

ሻይ አፈላችለት። እኔ ሻይ ስፈልግ ማንደጃው ያለበትን ቦታ ነው የምታሳየኝ።

የጉብኝት ብዛት፦ አንድ።

መጋቢት 3

ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ቀን። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። መምህሩም ይጾማል። ከሰባቱ አንዱ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ናቸው፤ እሳቸውማ ጾሙን ራሳቸው የፈጠሩት ይመስላሉ። እኔ ከቤት ኋላ ዳቦ በላሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ የጾም ዳቦ ነው።

የጉብኝት ብዛት፦ አራት።

መጋቢት 10

እትዬ ወደቀች። አሥር ሰዓት ገደማ። ምሳዋን በልታ፣ ክኒኗን ውጣ ስትነሣ። ምድጃው ላይ። የነጠላዋ ጫፍ ተያያዘ። በእጄ አጠፋሁት። ደህና ነች። እጄ ደህና ነው። ዛሬ አልጽፍም።

መጋቢት 12

በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው። እትዬ ሮብ። መሪጌታ ሐሙስ፣ ምሳቸውን በልተው ወደ ደብሩ ሲመለሱ፤ ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ አመጧቸው። መምህሩ ሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳው ሥር። ልጆቹ የሚያስተምር መስሏቸው ጸጥ ብለው ጠበቁ አሉ። በሌላ ጊዜ ይህን ሰምቼ አንድ ሳምንት እስቅ ነበር።

ሦስቱም ዛሬ ክሊኒክ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ገብረ ሕይወት ደነገጠ።

"እንዲህ ከጣላችሁማ ካርቶኑን ነገ ወደ መጋዘን እመልሰዋለሁ። እናንተ ብትሞቱ እኔ ነኝ የምጠየቀው።"

እትዬ የጋዋኑን እጅጌ ያዘችው። እትዬ፣ ሰው የማትነካው!

"አትመልሰው" አለች። "ብወድቅ እነሣለሁ። ያለሱ ግን እንደ በፊቱ ነው የምሆነው።"

እንደ በፊቱ። እኔ ያንን ግድግዳ አውቀዋለሁ። የትኛው ላይ ስንት ስንጥቅ እንዳለ አውቃለሁ።

መምህሩ ገብረ ሕይወትን እስከ ፋሲካ እንዲታገሥ ለመነው። "ማመልከቻው ሁለት ነገር ይበል" አለ። "ክኒኑን አትከልክሉን። ለምን እንደሚጥለን ደግሞ ንገሩን።" እትዬ እሱ ሲናገር አፉን አፉን ታያለች። ምን እንዳለበት አላውቅም። ደረቅ አፍ ነው።

መጋቢት 14

ማመልከቻውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ይህ የሙያ ጉዳይ ነው። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ብተወውም፣ ጽሕፈቴን የቄስ ትምህርት ቤት ነው የቀረጸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛና ጃንጥላ ዘርግቼ የስንቱን አቤቱታ ጽፌአለሁ። መምህሩ ረቂቁን ሰጠኝ፤ ሰባት ስም፣ ከየስሙ ሥር የደረሰበት። "በአንተ እጅ ሲጻፍ ነው የሚከበረው፣ ወንድሜ" አለኝ። ወንድሜ!

ሄጄ ቀለም ልግዛ ብዬ በቦኖው በኩል ሳልፍ ጎረቤታችን ይርጋነሽ ለሴቶቹ ትላለች፦

"ጥሩአየሁ እኮ ሰው ልታገባ ነው። እንግዲህ ያን ወስላታ ውበቴን ማን ያበላዋል?"

"ቀልዱን ይብላ!" አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ። ቀለሜን ገዝቼ በሌላ መንገድ ዞርኩ።

ቤት ስመለስ እትዬ የዚያን ኮት ቁልፍ ትተክላለች።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ረጋ ብዬ፣ አሳምሬ። አካለ ወልድ ከሚለው ሥር "አፍ መድረቅ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ድንገት መውደቅ" ካልኩ በኋላ አንድ መስመር ቦታ ተረፈኝ። እንዲህ አልኩበት፦

"እንዲሁም አመልካቹ ክኒኑን መዋጥ ከጀመረ ወዲህ አህያ ባየ ቁጥር የአውራጃው ትምህርት ኃላፊ እየመሰለው ቆብ አንሥቶ እጅ ይነሣል።"

አንድ መስመር ናት። አሽገን ለአውቶቡሱ ሹፌር ሰጠነው። መምህሩ አላነበበውም። "አንተን አምንሃለሁ" አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ይወደዳል?

መጋቢት 17

ሹፌሩን አገኘሁት። ፖስታው አዲስ አበባ ገብቷል።

አህያውን ብቻ ብጽፍ ምን ነበረበት። ኃላፊውን ምን አስገባው። በዚህ ዘመን።

የማያነቡት ነገር ይሆናል። መቼ አንብበው ያውቃሉ።

መጋቢት 24

አንብበውታል።

ለክሊኒኩ ስልክ ተደወለ። አንድ ተቆጣጣሪ ለመጋዘን ቁጥጥር ዓርብ ሞጣ ስለሚገባ አመልካቾች እዚያው እንዲቀርቡ። ሁሉም ደስ አላቸው። መሪጌታ ምስጋና አደረሱ። እትዬ ጉንጬን ይዛ፣ "ጽሕፈትህ አምሮ ነው እኮ። የአንተ ሥራ ነው" አለችኝ።

ከዓመት ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ምስጋና። አፌን ከፍቼ ልነግራት ነበር። ሻይ አፈላችልኝ። ሻዩን ጠጣሁ።

መጋቢት 27፣ ከሞጣ እንደተመለስን

ሁሉንም እንደ ሆነው ልጻፈው።

ትናንት ንጋት ላይ በአውቶቡስ ወጣን። እትዬ በመስኮቱ በኩል፣ መምህሩ ከመሐል፣ እኔ ሞተሩ ላይ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ እትዬ መምህሩ ትከሻ ላይ ተኝታለች። ስትነቃ "ክኒኑ ነው" አለች። እኔም ለደብተሩ ይመዝገብልኝ አልኩ፤ ክኒኑ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚያስተኛው።

ሞጣ ስድስት ሰዓት ላይ ገባን፤ ቀጥታ እማማ ዘይዳ ቤት። ሰባተኛዋ አመልካች ናቸው፤ የጨርቅ ነጋዴ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ነው ክኒኑን የጀመሩት። የእኛዎቹ ጾመኞች በር በር ሲያዩ እሳቸው ምሳቸውን በሉ፤ ከላዩ አንዲት ክኒን ዋጡ። መምህሩ ደብተሩን ከፈተ።

"እርስዎ ስንት ጊዜ ወደቁ፣ እማማ?"

"የት ነው የምወድቀው?"

"ከክኒኑ የተነሣ።"

"ኧረ እኔ ወድቄ አላውቅም። አፌ ይደርቃል። ሱቅ ውስጥ ያንቀላፋኛል። መውደቅ ግን የለም።"

"ጉድ ነው!" አልኩ እኔ። "ክኒኑ ክርስቲያን እየመረጠ ነዋ የሚጥለው!"

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ በመቋሚያቸው ሊሉኝ ነበር። እማማ ዘይዳ ግን እጃቸውን አደራርቀው አዩኝ።

"አንተ ቀልማዳ፣ ክኒን ሃይማኖት አያውቅም። እኔ ጠዋት በልቼ አንድ፣ ቀትር በልቼ አንድ፣ ማታ በልቼ አንድ ነው የምውጠው። እናንተሳ?"

መምህሩ ብዕሩን አቆመ።

"ከምግብ በኋላ ተባልን" አሉ መሪጌታ። "ምግባችን በዘጠኝ ሰዓት ነው።"

"እሺ፤ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሦስቱንም።"

"ባንድ ጊዜ?"

"ታዲያ መቼ ላድርገው? ቁርሱም ምሳውም እራቱም እዚያው ላይ አይደለም?"

እትዬ አንገቷን ደፋች። መምህሩም ቀላ። እሱም፣ ያን ሁሉ ደብተር ይዞ፣ ሦስቱንም ባንድ ጉርሻ። ቶሎ ብሎ "እማማ ዘይዳ እንዳስተዋሉት" ብሎ ጻፈ። ነገሩ በእኔ ቀልድ እንደተጀመረ አልጻፈም። ቅናት አይደለም፤ ለታሪክ ያህል ነው።

ተቆጣጣሪው በአንድ የመጋዘን ክፍል ተቀመጠ። መነጽር ያደረገ፣ መንገድ ያደከመው ሰው። የእኔ ጽሕፈት ፊቱ ተዘርግቷል። ከመሪጌታ ኋላ ተጠጋሁ።

"ጓዶች" አለ። "ጉዳያችሁን በአክብሮት ይዤው ነበር፣ እዚህ እስክደርስ ድረስ።" ጮክ ብሎ አነበበው። አህያውን። ቆቡን። ኃላፊውን።

"ይህ በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ማላገጥ ነው። ለጸጥታ ባስተላልፈው ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ? አካለ ወልድ ማን ነው?"

መምህሩ ተነሣ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያ የክኒኑ ነው። ከንፈሩም ይንቀጠቀጣል፤ ያ የክኒኑ አይደለም።

"አንተ ነህ የጻፍከው?"

እኔን አየኝ። ገብቶታል። ከዚያ እትዬን አየ።

"አዎ ጓድ። እኔ ነኝ። ጤንነት ባልተሰማኝ ቀን ነው።"

እዚህ ላይ ውሸት አልጽፍም። የተነሣሁት ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ደሜ ነው የፈላው። መጀመሪያ ሳቋን ወሰደብኝ። ቀጥሎ ሻዩን፣ ቀጥሎ እንቅልፏን። አሁን ደግሞ ጥፋቴን! በዚህ ዓለም ሙሉ በሙሉ የእኔ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ያ ጥፋት ነው።

"ውሸቱን ነው!" አልኩ። "የእኔ ነው!"

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?"

"ውበቴ። ማመልከቻ ጻፊ። በሽተኛ አይደለሁም።"

"ለምን ጻፍከው?"

"ለቀልድ።"

"ቀልዱ የቱ ላይ ነው?"

ፈለግሁ። አጣሁት።

በዚህ ጊዜ እትዬ ተነሣች። መጥታ በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀኝ እጄን ይዛ ጨርቁን ፈታችና መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ጌታዬ፣ ወንድሜ ባለጌ ነው። የቀረው ግን እውነት ነው። ምድጃ ላይ ወድቄ ሳለ ይኼ ልጅ ነው በዚህ እጁ እሳቱን ያጠፋልኝ። ይዩት። ይኼን እጅ እያሠረ ነው የጻፈልን።"

ሰውየው መዳፌን አየ። ገና አልዳነም፤ አያምርም። መነጽሩን አወለቀ።

"መቼ መቼ ነው የምትወድቁት?" አለ፣ በሌላ ድምፅ።

መሪጌታ ነገሩት። ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስቱን ባንድ ላይ።

"ታዲያ መመሪያውን ስላልተከተላችሁ ነዋ!"

"ተከተልን እንጂ" አለ መምህሩ፤ ተንተባተበ፣ ግን አልተወም። "ከምግብ በኋላ ይላል፤ ከምግብ በኋላ ዋጥን። መመሪያውን የጻፈው ሰው ሁዳዴ ያለበት አገር አያውቅም። የጠየቀንም የለም። አፋችን ሲደርቅ፣ ዓይናችን ሲፈዝ ሕመማችሁ ነው ተባልን፤ ስንወድቅም ሕመማችሁ ነው እንዳይባል ነው የመጣነው።"

"ክኒኑን አትውሰዱብን" አለች እትዬ። "አዋዋጡን ብቻ ንገሩን።"

ተቆጣጣሪው ብዙ ጻፈ። የአማርኛውን ወረቀት "ለበላይ አቀርባለሁ" አለ። ካርቶኑ እንዳይመለስ ለገብረ ሕይወት ደብዳቤ ሰጠን። በየክኒኑ ፖስታ ላይም እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ፦ "በጾም ጊዜ ሦስቱን ባንድ ላይ አትዋጡ። አንዱን በዘጠኝ ሰዓት በልታችሁ፣ አንዱን ማታ፣ አንዱን ስትተኙ።"

"ማን ይጻፈው?" አሉ መሪጌታ።

ሰውየው አየኝ። "ጽሕፈቱ ያማረው። አራት መቶ ፖስታ። የአህያዋንም መስመር አሁን ሰርዘህ ፈርምበት። ሁለተኛ ብትለምድህ ግን ወንድሜ፣ ወዴት እንደምልክህ አውቃለሁ።"

ስንመለስ እትዬ ከእኔ ጋር ሞተሩ ላይ ተቀመጠች። እስከ ብቸና አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሚያዝያ 4

ፖስታ፦ 160። እትዬ ከሞጣ ወዲህ አልወደቀችም። መሪጌታም። መምህሩም፤ ይሁን። አሁንም አፋቸው ይደርቃል፤ ለእሱ የተጻፈ መስመር የለም።

አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፤ ትሄዳለች። ትናንት ቆቤን ለድስቱ ደፍቼለት "እንግዳ መጥቷል" አልኳት። ቆቡን አንሥታ ወጡን ጨለፈች።

ሚያዝያ 12

ፖስታ፦ 310። እጄ ይሻለዋል።

ዛሬ ፖስታ ስጽፍ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

"ጋሽ አካለ ወደ ደብረ ወርቅ ተዛውሯል" አለች። "ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ይልካል። ምን ትላለህ?"

"እኔ ምን አገባኝ።"

"ወንድሜ ነሃ።"

"ደካማ ቀልደኛ ነው።"

"አውቃለሁ። አንተ ትበልጠዋለህ።"

"ታዲያ ለምን ሳቅሽ?"

ከጻፍኳቸው ፖስታዎች አንዱን አንሥታ አየች።

"አፌ ደርቆ ነበር" አለች። "የእሱም ደርቆ ነበር። አንተ ግን ደህና ነበርክ።"

አንድ ፖስታ አበላሸሁ። ቀለሙ ፈስሶ ነው።

ሚያዝያ 28

ፋሲካ አለፈ። ፖስታው አለቀ። መምህሩ አራት መቶውን ቆጥሮ "አንድ እንኳ የተሳሳተ የለም" አለ። ሁለት ቦታ አህያ ልሥል አስቤ ነበር። አልሣልኩም። ለምን እንዳልሣልኩ አልነገርኩትም። እሱም ሞጣ ስላደረገው ነገር አንድ ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 9

ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። የአማርኛው ወረቀት "ወደፊት ይታያል"። የፖስታው መስመር ግን በሌሎች ክሊኒኮችም ይጻፍ ብለዋል። መምህሩ ወዲያው ሁለተኛ ማመልከቻ ጀመረ፤ ስለ አፍ መድረቁ፣ ስለ ዓይኑ። ጻፍኩለት። ሰባቱም ፈረሙ። ከማሸጉ በፊት ቁጭ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አስነበብኩት።

እትዬ ትናንት ሄደች። ያለ ከበሮ፤ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ሻንጣ። መኪናው ላይ ሆና "በልተህ እደር" አለችኝ። ሌላ ምን ትበል።

እንግዲህ ተደምሮ ሲታይ ነገሩ ያን ያህል የሚጻፍ አልነበረም። ጥቂት ሰዎች ክኒን ባንድ ጊዜ ዋጡ፤ ከዚያ በየሰዓቱ መዋጥ ጀመሩ። አንዲት ሴት ባል አገባች። ደብረ ወርቅ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ መኪና ከተገኘ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ቀላል ነገር ነው።